ዕድል ወይስ ብልሃት? ሎስ አንጀለስ 35 ዓመት ያገደችው ጨዋታ

ውድ አንባቢ፣ «ካልታደሉ አይታገሉ» የሚለውን አባባል ስንት ጊዜ ሰምተውታል? ፌርፋክስ ላይ ቡና ይዘን ስንቀመጥ፣ ስለ አንዱ ቤት መግዛትና ስለ ሌላው መክሰር ስናወራ፣ መደምደሚያችን አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው። ዛሬ የማጫውትዎ ይህችው የምንኖርባት ከተማ ስለ ዕድልና ስለ ብልሃት ተከራክራ ስለ ተረታችበት ጉዳይ ነው። የክርክሩ መነሻ ፒንቦል የሚባለው ጨዋታ ነበር። ዓመቶቹን የምጠቅሰው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ፒንቦል በመስተዋት የተከደነ፣ ወደ ተጫዋቹ ያዘነበለ ጠረጴዛ ነው። ሳንቲም ከትተው በሞላ የሚሠራውን መግፊያ ስበው ሲለቁት፣ 80 ግራም ያህል የምትመዝን የብረት ኳስ ወደ ላይ ትወረወራለች። ስትመለስ ከእንቅፋቶቹ ጋር እየተላተመች ነጥብ ታስቆጥራለች። ባለ ሞላውን መግፊያ ሞንታግ ሬድግሬቭ የተባለ ሰው በ1871 በፈጠራ መብት አስመዘገበው። ጨዋታው በሰፊው የተዛመተው ግን በ1930ዎቹ፣ አሜሪካ በሥራ አጥነት በተጨነቀችበት ዘመን ነው። ድሃ በጥቂት ሳንቲም ይዝናናበት ነበር።

ታዲያ በዚያን ጊዜ ኳሷ አንዴ ከተወረወረች በኋላ፣ ተጫዋቹ ጠረጴዛውን ከመነቅነቅ በቀር ምንም ማድረግ አይችልም ነበር። ገንዘብ የሚከፍሉ ማሽኖችም ስለነበሩ ነገሩ እንደ ቁማር ተቆጠረ። በ1939 የሎስ አንጀለስ መራጮች በድምፃቸው አገዱት። በኒው ዮርክም በ1942 ከንቲባው ፊዮሬሎ ላጋርዲያ ማሽኖቹን አስለቅሞ በመዶሻ አስሰበረ።

አምስት ዓመት ቆይቶ፣ በ1947፣ ጎትሊብ የተባለው የቺካጎ ኩባንያ «ሃምፕቲ ደምፕቲ» በሚል ስም አዲስ ማሽን አወጣ። ተጫዋቹ ቁልፍ ሲጫን ኳሷን መልሰው የሚመቱ ስድስት አጫጭር ክንዶች ነበሩት፤ ፍሊፐር ይባላሉ። ከዚያ ወዲህ የተጫዋቹ እጅና ዓይን ሥራ አገኙ። ሕጉ ግን ባለበት ቀረ። የ1939ኙ ማሽን ጥፋት ለአዲሱ ማሽን ተረፈው ማለት ነው።

በመጨረሻ ጉዳዩ እስከ ካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። አገራችን በአብዮት በምትናጥበት በ1974፣ ፍርድ ቤቱ የካሊፎርኒያ ሕግ ብልሃት የሚያመዝንባቸውን ጨዋታዎች ስለሚፈቅድ ከተማዋ ልትከለክላቸው አትችልም ሲል ወሰነ። የ35 ዓመቱ እገዳ በዚህ አበቃ።

የኒው ዮርኩ ደግሞ ይበልጥ ያስገርማል። በ1976 ሮጀር ሻርፕ የተባለ ጸሐፊ በከተማው ምክር ቤት አባላት ፊት ቆሞ ተጫወተ። መግፊያውን ከመልቀቁ በፊት «ኳሷ በመካከለኛው መተላለፊያ ትወርዳለች» ብሎ ተናገረ፤ እንዳለውም ወረደች። ክልከላው ተነሣ። ሻርፕ ግን በኋላ ዕድልም እንደረዳው አልሸሸገም!

እንግዲህ እውነቱ የት ላይ ነው? አገር ቤት ፊዚክስ አስተምር በነበረ ጊዜ፣ ባዘነበለ ሰሌዳ ላይ ምስማሮች መትቼ ተማሪዎቼን ብይ አስለቅቃቸው ነበር። «የት ትደርሳለች?» ስላቸው የመጀመሪያውን ግጭት ሁሉም ያውቁታል። ሁለተኛውን ግማሾቹ ይስቱታል። ከሦስተኛው በኋላ ክፍሉ በሳቅ ይሞላል።

ምክንያቱ ይህ ነው። የፒንቦል ጠረጴዛ የሚያዘነብለው 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ነው። በላዩ የምትንከባለል ኳስ ፍጥነት የምትጨምረው በነፃ ከሚወድቅ ነገር ከአሥራ ሁለት አንድ እጅ ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ እስክትጋጭ ድረስ መንገዷን ማስላት ቀላል ነው። ነገር ግን ክብ እንቅፋት ስትመታ በፀጉር ስፋት የተሳሳተው ግምት ይሰፋል፤ በሚቀጥለው ግጭት ደግሞ ይበልጥ ይሰፋል። የአየር ጠባይ ሊቁ ኤድዋርድ ሎሬንዝ በ1993 ባሳተመው መጽሐፍ ከትንሽ ልዩነት ትልቅ ልዩነት እንደሚወለድ ሲያስረዳ፣ ከምሳሌዎቹ አንዱ ይኸው ፒንቦል ነበር።

ዛሬ ካሜራና ኮምፒዩተር ገጥመው ማሽኑን ራሱን በራሱ እንዲጫወት የሚያደርጉ ሰዎች አሉ። ኮምፒዩተሩም ቢሆን የኳሷን ጉዞ ከመነሻ እስከ መድረሻ አይተነብይም። ቀጣዩን ጥቂት መንገድ ይገምታል፣ ወዲያው ደግሞ ያያል፣ ግምቱን ያርማል፣ ኳሷ ፍሊፐሩ ጋ ስትደርስ ይመታል። ታክሲ ስነዳም የማደርገው ከዚህ ብዙም አይለይም። የሚቀጥለው መንገደኛ ወዴት እንደሚሄድ አላውቅም፤ አርብ ማታ ሰው የት እንደሚበዛ ግን አውቃለሁ።

ስለዚህ ፍርድ ቤቱ «ብልሃት ያመዝናል» ሲል ዕድል የለም ማለቱ አልነበረም። ብዙዎቻችን ወደዚህ አገር የገባነው በዲቪ ዕጣ ነው፤ ያንን ኮምፒዩተር አወጣልን። ነገር ግን በ2002 ይህ የፌርፋክስ ክፍል «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ የተሰየመው በዕጣ አይደለም። ወገኖቻችን ሱቅና ምግብ ቤት ከፍተው፣ ተባብረው፣ ከተማውን ጠይቀው ነው። የኳሷን አወራወር አልመረጡም፤ ስትመለስ ግን ጠብቀው መቷት።

ያልቀናው ወገን ሲያጋጥመንም ከተማዋ በ1939 የፈረደችውን ዓይነት ፍርድ ለመስጠት አንቸኩል። ከሱም ከኛም ቁጥጥር ውጪ የሆነ ግጭት ገጥሞት ይሆናል። እርስዎም፣ አንባቢ ሆይ፣ «ካልታደሉ አይታገሉ» ከማለትዎ በፊት እጅዎ ፍሊፐሩ ላይ መሆኑን ይመልከቱ። ቸር ይግጠመን።