ከሞተ ከ36 ዓመት በኋላ የተስተካከለለት ሪከርድ

የፍጥነት ሪከርድ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ትልቅ ፋብሪካ፣ መሐንዲሶችና የማያልቅ ገንዘብ ነው። የኒውዚላንዱ በርት ሙንሮ ግን ከእነዚህ አንዱም አልነበረውም። የነበረው አንድ አሮጌ ሞተር ሳይክል፣ አንድ ጋራዥና ብዙ ሌሊት ነው።

ሙንሮ እ.ኤ.አ. በ1899 በኒውዚላንድ ደቡባዊ ጫፍ፣ በኢንቨርካርጊል አቅራቢያ ተወለደ። የገዛት ሞተር ሳይክል እ.ኤ.አ. በ1920 አሜሪካ ውስጥ የተሠራች ኢንዲያን ስካውት ነበረች። ሞተሯ 600 ሲሲ ነው፤ ከፋብሪካ ስትወጣ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር እንኳ አትሞላም። እሱ ከ1926 ጀምሮ ይፈታታት፣ ይገጣጥማት ገባ። እጁን ያነሳውም ዕድሜው ከገፋ በኋላ ነው።

መለዋወጫ የሚገዛበት አቅም ስላልነበረው ራሱ ይሠራ ነበር። ፒስተን አቅልጦ በቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ያፈስሳል። ቢዬላውን ከትራክተር አክስል ፈልፍሎ ያወጣል። ሌሊቱን ሲሠራ አድሮ እንቅልፍ ሳይተኛ ወደ ሥራው የሚሄድበት ጊዜ ብዙ ነበር። የተሰበረውንና የተቃጠለውን ብረት ግን አይጥልም፤ መደርደሪያ ላይ አሰልፎ ለፍጥነት አምላክ የቀረበ መሥዋዕት መሆኑን ጽፎበት ነበር። ዋጋም ከፍሎበታል፤ ትዳሩ ፈርሶ ጋራዡ መኖሪያው ሆነ።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባል የለ? እ.ኤ.አ. በ1962፣ በ63 ዓመቱ፣ ያችን ሞተር ሳይክል በመርከብ ጭኖ አሜሪካ፣ ዩታ ግዛት ወደሚገኘው የቦንቪል የጨው ሜዳ ወሰዳት። ሜዳው እንደ ጠረጴዛ የተዘረጋ በመሆኑ የፍጥነት ሰዎች ሁሉ መሰብሰቢያ ነው። በዚያ ዓመት በሰዓት 288 ኪሎ ሜትር ሮጦ በ883 ሲሲ ምድብ ሪከርድ ያዘ። በ1966 በ1000 ሲሲ ምድብ ሌላ ሪከርድ ጨመረ። በ1967 ደግሞ እሱ 68 ዓመቱ፣ ሞተር ሳይክሏ 47 ዓመቷ ሳለ ከ1000 ሲሲ በታች ባለው ምድብ በሰዓት 183.586 ማይል ተመዘገበለት። ይህም 295 ኪሎ ሜትር ግድም ነው።

እዚህ ላይ የሪከርድ አሠራር መታወቅ አለበት። ሪከርድ በአንድ ሩጫ አይያዝም። ነፋስ ከኋላ ገፍቶት ይሆናል ተብሎ ስለሚጠረጠር ተወዳዳሪው ሄዶ፣ ዞሮ ይመለሳል፤ ከዚያ የሁለቱ አማካይ ይሰላል። ሙንሮ በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሰዓት ከ305 ኪሎ ሜትር በላይ የሮጠበት ጊዜ አለ። ያ ግን ሪከርድ አይባልም።

እንግዲህ ሪከርዱ በሩጫው ብቻ ሳይሆን በሂሳቡም ይወሰናል ማለት ነው። እና ሂሳቡ ተሳስቶ ነበር!

ሙንሮ እ.ኤ.አ. በ1978 አረፈ። በ2005 ታሪኩ ፊልም ሆኖ አንቶኒ ሆፕኪንስ ተጫወተው፤ ፊልሙ የብዙ ዓመት ምልልሱን እንደ አንድ ጉዞ አሳጥሮ አቀረበው። ዓለም አጨበጨበ። በ1967ቱ ስሌት ላይ ስህተት መኖሩን ልብ ያለው ግን የገዛ ልጁ ነው። ጥያቄውን ለአሜሪካ የሞተር ሳይክል ማኅበር አቀረበ። ማኅበሩም በ2014 ቁጥሩን አርሞ 184.087 ማይል ብሎ መዘገበ። ከሩጫው 47 ዓመት በኋላ፣ ከሞቱ ደግሞ 36 ዓመት በኋላ።

ልዩነቱ ግማሽ ማይል ነው። «ለዚህ ነው ይህ ሁሉ?» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ያቺ ግማሽ ማይል የስንት ሌሊት ሥራ ናት? ከዚያም በላይ ትክክል ያልሆነ ሪከርድ ምኑ ሪከርድ ነው?

የዚህ ሰው ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው «ሕልምህን ተከተል» ለማለት ነው። ጥሩ ነው። እኔ ግን የመጨረሻውን ምዕራፍ እወድደዋለሁ። በፊልሙ ያለቀሱት ሚሊዮኖች ቁጥሩን አላረሙለትም። ያረመለት ተቀምጦ የደመረና ያካፈለ አንድ ሰው ነው። ይህም የተቻለው ቁጥሮቹ ስላልጠፉ፣ ማኅበሩም «ጊዜው አልፎበታል» ብሎ በሩን ስላልዘጋ ነው።

በእኛም ዘንድ «ማን ምን ሠራ?» እየተባለ ስንት ክርክር ይነሳል። አብዛኛው የሚያልቀው በጩኸት ነው፤ ወረቀቱን የሚያወጣ ጥቂት ነው። አባቶች «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ለዚህ ነው። ላይ እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ቢኖር፣ የተጻፈውንም ቢሆን ዳግመኛ የሚያሰላ ወራሽ ያስፈልገዋል።

ቸር እንሰንብት!