የአያት ጌጥ ማኅተሙ የት አለ?

ከኮን፣ ከላሊበላ ወይም ከሌላው የላስታና የዋድላ አገር ወደ አዲስ አበባ የፈለሰ ቤተሰብ ከሣጥኑ ሥር በቁራጭ ጨርቅ የተቋጠረ አንድ ነገር አያጣም። የአያት ድሪ ይሆናል፤ አልቦ ወይም ጥንድ ጉትቻ፤ የአንገት መስቀል ወይም ከማተብ ጋር የምትንጠለጠል የጆሮ ኩክ ማውጫ። ችግር ሲመጣ ወይም ውርስ ሲከፈል ቋጠሮው ይፈታና ወደ ፒያሳ ወርቅ ቤቶች ይወሰዳል። ነጋዴው በማጉያ መነጽር ያገላብጥና «ማኅተም የለውም» ይላል። ከዚያ ወዲያ የሚነገረው ዋጋ የቁርጥራጭ ዋጋ ነው። ጌጡም አብዛኛውን ጊዜ ወደ ቤቱ አይመለስም፤ ቀልጦ ሌላ ነገር ይሆናል።

ነጋዴው አልዋሸም። ማኅተም የለውም። ነገር ግን ሊኖረው ይገባ ነበር ወይ?

በወርቅና በብር ላይ የፍተሻ ማኅተም መምታት የአውሮፓ ከተሞች ሥርዓት ነው። እንግሊዞች ሕጉን ያወጡት በ1300 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ምልክቱም የነብር ራስ ነበር። ከ1478 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የለንደን አንጥረኛ ሥራውን እያመጣ በማኅበሩ አዳራሽ እንዲያስፈትሽ ተገደደ። «ሆልማርክ» የሚለው ቃልም የአዳራሹ ምልክት ማለት ነው። ዛሬ በቀለበት ውስጠኛ ገጽ የምናያቸው ቁጥሮች የዚያ ሥርዓት ልጆች ናቸው። 750 ማለት ከሺህ እጅ 750ው ጥሩ ወርቅ ነው፤ ይኸውም 18 ካራት። 875 ሲል 21 ካራት፣ 585 ሲል 14 ካራት ነው። ጌጡ ከጣሊያን የመጣ ሆኖ ከቁጥሩ አጠገብ የፋሽስቶቹ የታሰረ በትር ከተገኘበት ከ1934 እስከ 1944 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ የተሠራ ነው፤ ኮከብ ካለበት ደግሞ ከ1968 እ.ኤ.አ. ወዲህ። እንዲህ ያለ ምልክት ያለው ነገር ከአያት ሣጥን ቢወጣ የአገር ቤት ሥራ አይደለም፤ በነጋዴ፣ በስደተኛ ወይም በወታደር እጅ የገባ ነው።

ማኅተም የሚያስፈልገው ገዢና ሠሪ በማይተዋወቁበት ገበያ ነው። በላስታ ደጋ ግን ጌጥ ያሰኘው ሰው የተሠራ ጌጥ ፍለጋ ሱቅ አይዞርም ነበር። ብሩን ራሱ ቆጥሮ ወደ አንጥረኛው ይወስዳል፤ አንጥረኛውም ወናፉን እያስነፋ በዓይኑ ፊት ያቀልጥለታል። የገባው ስንት እንደሆነ ይታወቃል፤ የወጣውም ይመዘናል። ለሚዛኑም ባዕድ ድንጋይ አያስፈልግም ነበር፤ ወቄት የሚባለው የወርቅ መለኪያ የአንድ ጠገራ ብር ክብደት ያህል ነውና።

እንግዲህ ወደ ጠገራው ደረስን። የኦስትሪያዋ ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው በ1780 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ መልኳ ያለበት ብር ግን ከዚያ በኋላም ያንኑ ዓመት እንደያዘ ሲመታ ኖረ። ክብደቱ 28 ግራም ከጥቂት፣ ጥራቱ ከሺህ 833 ነው። የእኛ ገበሬ ይህን ቁጥር አያውቅም፤ ሳንቲሙን ግን ከማንም የተሻለ ይመረምር ነበር። በዘውዷ ላይ ያሉት ዕንቁዎች ጎልተው መታየታቸውን፣ የትከሻዋ ጌጥ አለመፋቁን፣ ከምስሏ ሥር ኤስና ኤፍ የሚባሉት ሁለት የላቲን ፊደላት መኖራቸውን ሳያይ አይቀበልም። ፊደላቱ የጉንትስቡርግ ገንዘብ መምቻ ሹሞች የሾብልና የፋቢ ስም መነሻዎች ናቸው። በጠርዙ ዙሪያ «በፍትሕና በርኅራኄ» የሚል የላቲን ጽሑፍ ስላለ ጠርዙን ልሽረፍ ያለ ሌባ ወዲያው ይታወቅበታል። ከዚህ የተሻለ ምን ማኅተም አለ? ፍተሻው የተደረገው ጌጡ ሳይሠራ በፊት ነበር፤ እሳቱ ምስሉን ቢያጠፋውም ጥራቱ ውስጡ ቀረ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. ፓሪስ ያስመቱት ብርም ከሺህ 835 ነበረ። ባላገሩ ግን የለመዳትን ሴትዮ አልተወም።

ኮን ላለበት ለዋድላ አምባ ይህ ብር ሩቅ ታሪክ አይደለም። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ያለፉት በዚሁ አምባ ነው። በመጋቢት የናፒየር ጦር በዚያው ተከትሎ አለፈ። እንግሊዞቹ ለዘመቻው ሲሉ ቪየና ላይ ጠገራ ብር አስመትተው ነበርና ለእህሉ፣ ለገፈራው፣ ለጭነት ከብቱ ኪራይ በዚያ ይከፍሉ ነበር። ዛሬ ከዋድላ ሣጥን የሚወጣ ድሪ ከዚያ ክፍያ የተረፈ ብር ይኖርበት ይሆናል። ያው ጦር የገዛውን ጭድ ዋጋ ከፍሎ ሲያበቃ፣ ከመቅደላ የዘረፈውን በ15 ዝሆንና በ200 ገደማ በቅሎ ጭኖ ሚያዝያ 13 እና 14 ቀን ከዋድላ ማዶ ደላንታ ሜዳ ላይ ሐራጅ አወጣው።

ከመቅደላ ከሄደው ውስጥ ዛሬ ለንደን ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም የተቀመጠው የወርቅ ጽዋ ለነገራችን ይጠቅማል። የብሪታንያ ሙዚየም መልእክተኛ ሆልምስ ከአንድ ወታደር ላይ የወርቁን አክሊልና ጽዋውን በ4 ፓውንድ ገዛቸው። በጽዋው ላይ በግዕዝ የተቀረጸው ጽሑፍ አፄ ኢያሱ ዳግማዊና እናታቸው እቴጌ ምንትዋብ ለደብራቸው ለቁስቋም እንደሰጡት ይናገራል። ሠሪውም ወልደ ጊዮርጊስ ተብሎ በሙዚየሙ መዝገብ ይገኛል። ይህ የቤተ መንግሥት ሥራ ነው። የባላገሩ አንጥረኛ ግን ስሙን አይጽፍም። ጠይብ እየተባለ የሚሰደብ፣ ዓይኑ የሚፈራ ሰው ስሙን በአማኝ አንገት ላይ እንዴት ይጽፋል! የሚገርመው ግን ዋድላ የቅኔ አገር መሆኑ ነው። በሰም አስመስሎ፣ በጭቃ ሸፍኖ፣ ሰሙን አቅልጦ ወርቁን የሚያፈስሰው ይኸው ሰው ነው። መምህራኑ «ሰምና ወርቅ» የሚለውን ከእሱ እጅ ወሰዱ፤ እሱን ግን አላከበሩትም።

ወርቅ ካልን አይቀር፣ ከዚያ አገር የወረስነው ቢጫ ጌጥ ሁሉ ወርቅ ነው ማለት አይቻልም። በድሮው ሥርዓት በወርቅ ማጌጥ የባለማዕረግ ነበር፤ ለሌላው የሚሆነው ብር ነው፤ ቢበዛ በወርቅ የተለበጠ ብር። ወርቁ በባዘቃ ይሟሟል፤ በብሩ ላይ ይቀባል፤ ሲሞቅ ባዘቃው ተንኖ ወርቁ ይቀራል። ይህን ለመለየት ማጉያ መነጽርም አያሻም። የድሪው ቀለበቶች እርስ በርስ የሚፋተጉበትን፣ የጉትቻው ዘንግ ጆሮ የሚነካበትን ቦታ ማየት ነው። ነጣ ካለ ልብጥ ነው። ጥርጣሬው ካልለቀቀ ጌጡን በትንሽ ሚዛን መዝኖ፣ ቀጥሎ በክር አንጠልጥሎ ውሃ ውስጥ እንደጠለቀ መመዘን ነው። 28 ግራም የጠገራ ብር ውሃ ውስጥ 2.75 ግራም ያህል ይቀንሳል። ያንኑ የሚያህል 18 ካራት ወርቅ የሚቀንሰው ከ2 ግራም በታች ነው፤ ናስ ግን ከ3 ግራም በላይ። ውስጡ ባዶ የሆነ ጌጥ በዚህ አይለካም። አሲድም ቤት ውስጥ ባይሞከር ይሻላል። ጥቁሩን በአሸዋ መፈግፈግማ ጨርሶ አይገባም፤ ያ ጥቁረት የብርነቱ ምስክር ነው።

የላሊበላው አፍሮ አይገባ በ1989 ዓ.ም. ከቤተ መድኃኔ ዓለም ተሰርቆ ቤልጂየም ተገኘ፤ በ1993 ዓ.ም. ወደ ደብሩ ተመለሰ። 7 ኪሎ ያህል የሚመዝነው ይህ መስቀል የአውሮፓ ፈታሽ የመታው ማኅተም የለበትም። ካህናቱ ግን በየበዓሉ ያወጡት ነበር፤ ቅርጹም በፎቶግራፍ ታውቆ ነበር። የቤታችን ድሪ ፎቶግራፍ የለውም። በጎንና በጎኑ አንስቶ፣ ክብደቱን ጽፎ፣ ማን ለማን እንዳሠራው ከቤቱ ሽማግሌ ጠይቆ ከጨርቁ ጋር ማስቀመጥ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ወደ ፒያሳ የሚሄድም ቢሆን ይህን ወረቀት ይዞ ይሂድ።