ሰማያዊው ቤት፦ የቾንግ ፋት ዜ መኖሪያ በፔናንግ

የቾንግ ፋት ዜ ቤት በማሌዥያ፣ በፔናንግ ደሴት፣ በጆርጅ ታውን ከተማ ሊዝ ጎዳና ላይ በቁጥር 14 የሚገኝ የአንድ ቻይናዊ ባለጸጋ ነጋዴ መኖሪያ ነው። ግንባታው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ተጀምሮ በ1904 ተጠናቀቀ (በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። 38 ክፍሎች፣ በግራናይት የተነጠፉ 5 ውስጠ ግቢዎች፣ 7 ደረጃዎችና 220 መስኮቶች አሉት። ግድግዳው በጥልቅ ሰማያዊ ኖራ የተቀባ በመሆኑ በብዙዎች ዘንድ የሚታወቀው «ሰማያዊው ቤት» በሚል ስም ነው። ባለቤቱ ሲሞት፣ የመጨረሻ ልጁ በሕይወት እስካለ ድረስ ቤቱ እንዳይሸጥ ተናዞ ነበር። ቤቱ ከነመልኩ ለዛሬ የበቃውም፣ ሊፈርስ ጥቂት የቀረውም በዚሁ ኑዛዜ ነው።

ባለቤቱ

ቾንግ ፋት ዜ በ1840 በደቡብ ቻይና፣ በጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር ዳቡ በምትባል አውራጃ ከሃካ ማኅበረሰብ ተወለደ። በቻይና የታሪክ መጻሕፍት ዣንግ ቢሺ፣ በጃቫ ደግሞ ቲዮ ቲያው ሲያት ይባላል፤ አንዱን ሰው በሦስት ስም ማግኘት ለአንባቢ ግራ ቢያጋባም፣ ሦስቱም የአንድ ሰው ስሞች ናቸው። ሃካዎች ከሰሜን ወደ ደቡብ በየዘመኑ የፈለሱ፣ ብዙ ጊዜም ለም ያልሆነ ተራራማ መሬት የደረሳቸው ሕዝብ ናቸው። ወንዶች ልጆች ባሕር ተሻግረው እንጀራ መፈለጋቸው በዳቡ የተለመደ ነበር። ቾንግም በአሥራዎቹ ዕድሜ ላይ ሳለ በመርከብ ተሳፍሮ ያን ጊዜ በሆላንድ ትገዛ ወደነበረችው ባታቪያ፣ የዛሬዋ ጃካርታ፣ ወረደ።

በባታቪያ ከጉልበት ሥራ ተነሥቶ በሱቅ ተቀጠረ፣ የባለሱቁን ልጅ አገባ፣ በአማቱ ድጋፍም የራሱን ንግድ ከፈተ። ሀብቱ የበዛው ግን የሆላንድ ጦር ስንቅ አቅራቢ በሆነ ጊዜና የግብር መሰብሰብ መብት መግዛት በጀመረ ጊዜ ነው። በዚያን ዘመን የሆላንድም የእንግሊዝም ቅኝ ገዢዎች የኦፒየምን፣ የመጠጥንና የትምባሆን ቀረጥ ራሳቸው አይሰበስቡም ነበር፤ መብቱን ለነጋዴ በጨረታ ይሸጡለታል፣ እሱም ከከፈለው በላይ የሰበሰበውን ለራሱ ያስቀራል። በጨረታው ያሸነፈ ነጋዴ በአንድ ጊዜ የመንግሥት አጋርም የገበያው ብቸኛ ሻጭም ይሆናል። ሀብቱ ከዚህ በኋላ በኮኮናትና በጎማ እርሻ፣ በቆርቆሮ ማዕድን፣ በባንክና በመርከብ ኩባንያ ተስፋፋ። የሰማያዊውን ቤት ውበት የሚያደንቅ ሰው፣ ከመሠረቱ ድንጋይ የተወሰነው በኦፒየም ገንዘብ እንደተገዛ ማወቅ ይገባዋል። ኦፒየሙን የሚያጨሱት አብዛኞቹ እንደ እሱ ከደቡብ ቻይና የመጡ የቀን ሠራተኞች ነበሩ።

በ1880ዎቹ ዋና መቀመጫውን ወደ ፔናንግ አዛወረ። ደሴቲቱ ከ1786 ጀምሮ በእንግሊዞች እጅ ያለች፣ ሱማትራንና የማላያን የቆርቆሮ አገር ከሕንድና ከቻይና ጋር የምታገናኝ ወደብ ነበረች። በ1890ዎቹ የቻይና መንግሥት በፔናንግ ምክትል ቆንስል፣ ቀጥሎም በሲንጋፖር ዋና ቆንስል አድርጎ ሾመው። ያን ጊዜ ቻይናን ይገዛ የነበረው የቺንግ ሥርወ መንግሥት በጦርነትና በካሳ ክፍያ ተዳክሞ ስለነበር በውጭ ያሉትን ባለጸጎች ገንዘብ አጥብቆ ይፈልግ ነበር፤ እነሱም በምላሹ ማዕረግና የክብር ልብስ ያገኙ ነበር። ቾንግ ከፍተኛ የማንዳሪን፣ ማለትም የቻይና መንግሥት ባለሥልጣን፣ ማዕረግ ተቀብሎ በባቡር ሐዲድ ጉዳይ የቤተ መንግሥቱ አማካሪ ሆነ። በ1892 በሰሜን ቻይና በያንታይ ከተማ ቻንግዩ የተባለውን የወይን ጠጅ ፋብሪካ አቋቋመ፤ ፋብሪካው ዛሬም ይሠራል። በ1904 ደግሞ በፔናንግ ቹንግ ሁዋ የተባለ ዘመናዊ የቻይንኛ ትምህርት ቤት እንዲከፈት ገንዘብ ሰጠ። በ1915 የቻይና የንግድ ልዑካንን መርቶ ወደ አሜሪካ ሲሄድ የዚያ አገር ጋዜጦች በአሜሪካዊው ባለጸጋ ስም «የቻይናው ሮክፌለር» አሉት። በዓመቱ በባታቪያ ሞተ። ሬሳው ወደ ትውልድ አገሩ ሲሸኝ የእንግሊዝና የሆላንድ ባለሥልጣናት ባንዲራ ዝቅ ብሎ እንዲውለበለብ አዘዙ።

ቤቱ እንዴት እንደተሠራ

ቾንግ በየከተማው ብዙ ቤት ነበረው፤ ሚስቶቹም ብዙ ነበሩ። የሊዝ ጎዳናው ቤት የሰባተኛ ሚስቱ የታን ታይ ፖ መኖሪያ ሲሆን፣ የንግድ ቢሮና የቆንስላ እንግዳ መቀበያም ነበር። በዚያው ዘመን ሌሎች የሃካ ባለጸጎችም በአካባቢው ትላልቅ ቤቶችን ስላሠሩ ሰፈሩ የሃካ ሚሊየነሮች ረድፍ ይባል ነበር።

ቤቱ በመሠረቱ የቻይና ነው። በመሐል ትልቅ አዳራሽና ውስጠ ግቢ፣ በግራና በቀኝ ደግሞ የየራሳቸው ትናንሽ ግቢ ያላቸው ክንፎች አሉት። ቻይናውያን እንዲህ ያለውን ክፍት ግቢ «የሰማይ ጉድጓድ» ይሉታል፤ ብርሃንም፣ ዝናብም፣ ነፋስም የሚገባው በእሱ ነው። በሞቃታማውና እርጥበት በበዛበት የፔናንግ አየር የሞቀው አየር በጉድጓዱ ወደ ላይ ሲወጣ ቀዝቃዛው በመስኮቶቹ በኩል ይተካል፤ ግራናይቱም ከእግር በታች ቀዝቃዛ ሆኖ ይውላል። ውኃ በቻይናውያን ዘንድ የሀብት ምልክት ስለሆነ ከጣሪያው የሚወርደው ዝናብ ወደ ውጭ እንዲፈስ አይደረግም፤ በመጀመሪያ ወደ ቤቱ መካከል ይገባል። የቤቱ አቀማመጥም ፌንግ ሹይ በተባለው የቻይናውያን የቦታ አመራረጥ ጥበብ የተወሰነ ነው፤ ከጀርባ ተራራ፣ ከፊት ውኃ ያለበት ቦታ ይመረጣል፣ የቤቱ ኋላ ክፍልም ከፊቱ ከፍ ይላል።

ጌጡ ግን ከየአገሩ የመጣ ነው። የወለሉ ባለ ሥዕል ሸክላ ከእንግሊዝ ስቶክ ኦን ትሬንት፣ ቀልጠው በቅርጽ የፈሰሱት የብረት ዓምዶች ከስኮትላንድ መጡ። የመስኮቶቹ አናት በጎቲክ አኳኋን የሾለ ነው፤ በአርት ኑቮ ስልት የተሠሩ ባለቀለም መስታወቶችም አሉ። የተፈለፈሉትና በወርቅ የተለበጡት የእንጨት መጋረጃዎች ደግሞ የቻይና ጠራቢዎች ሥራ ናቸው። ይህ ሁሉ ተደባልቆ አለመዘበራረቁ ያስገርማል። እኔ እንደማየው ምክንያቱ የቤቱ ዕቅድ ጽኑ መሆኑ ነው፤ የውጭው ዕቃ ሁሉ የተሰካው ቀድሞ በተወሰነለት ቦታ ነው።

ከጌጦቹ ሁሉ ልዩ ትኩረት የሚገባው ቺየን ንየን የተባለው ጥበብ ነው፤ ትርጉሙ «ቆርጦ ማጣበቅ» ማለት ነው። ባለሙያው ቀጫጭን ባለቀለም የፖርሴሊን ሳህኖችን በጉጠት እየሰበረ፣ ስባሪዎቹን በእርጥብ የኖራ ልስን ላይ አንድ በአንድ ይተክላል። አንዱ ስባሪ የዘንዶ ቅርፊት፣ ሌላው የአበባ ቅጠል፣ ሦስተኛው የወፍ ክንፍ ላባ ይሆናል። የሳህኑ ጉብጥታ ለቅጠሉ ጉብጥታ እንዲሆን መምረጥ የዓይንና የእጅ ልምድ ይጠይቃል። የጣሪያው ጫፎችና የግድግዳው አናት በዚህ ሥራ የተሸፈኑ ናቸው። የፖርሴሊን ቀለም በፀሐይ ስለማይለቅ ከመቶ ዓመት በኋላም እንደ ትናንት ሥራ ያንጸባርቃል።

ሰማያዊው ቀለም ኢንዲጎ ከሚባለው ተክል ቅጠል የሚወጣ ሲሆን፣ ያን ጊዜ ከሕንድ በመርከብ ይመጣ ነበር። ኖራ በውኃ ተበጥብጦ ቀለሙ ይጨመርበትና ግድግዳው ይቀባል። ለቻይናውያን ነጭ የኀዘን ቀለም በመሆኑ ባለቀለም ኖራ በዚያ አካባቢ ተወዳጅ ነበር። ጥቅሙ ግን ከመልክ ያልፋል። ጡቡ ከመሬትና ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ኖራ ደግሞ ያንን እርጥበት መልሶ ያስወጣል። በዘይት ቀለም የተቀባ ግድግዳ እርጥበቱን አፍኖ ይይዝና ልስኑ ከውስጥ ይፈረፈራል።

ከውድቀት እስከ ጥገና

በኑዛዜው መሠረት ቤቱ የመጨረሻው ወንድ ልጅ እስኪሞት ድረስ አይሸጥም። ያ ልጅ፣ ቾንግ ካም ሎንግ፣ የሞተው በ1989 ነው፤ አባቱ ከሞተ ከ73 ዓመት በኋላ። በእነዚህ ዓመታት የቤተሰቡ ሀብት ተመናመነ፣ ሁለት የዓለም ጦርነቶችና የጃፓን ወረራ አለፉ፣ ክፍሎቹ አንድ በአንድ ለብዙ ቤተሰቦች ተከራዩ። በአዳራሾቹ ማብሰያ ተተከለ፣ በግቢዎቹ ልብስ ተሰጣ፣ ጣሪያው አፈሰሰ። በዚያው ዘመን በፔናንግ ብዙ ታላላቅ ቤቶች ፈርሰው ሕንፃ ተሠራባቸው፤ ይህኛው የሚሸጠው ስላልነበረ የሚያፈርሰውም አልመጣም። ተከራዮቹ ብዙ ጊዜ የቤቱ አበላሾች ተደርገው ይነገራሉ። እኔ ግን በዚህ አልስማማም፤ ባዶ የቀረ ቤት በሐሩር አገር ከተጨናነቀ ቤት ቀድሞ ይፈርሳል፣ ሰው የሚያድርበት ጣሪያ ቢያንስ ቀዳዳው ይደፈናል።

ከልጁ ሞት በኋላ ቤቱ ለገበያ ሲቀርብ አርክቴክት ሎረንስ ሎህ፣ ባለቤታቸው ሊን ሊ ሎህ-ሊምና ጥቂት የአገሩ ሰዎች ተባብረው ገዙት፤ በ1990ዎቹም አደሱት። መንገዳቸው አዲስ ነገር ማስገባት ሳይሆን የነበረውን በነበረበት ዘዴ መመለስ ነበር። በሲሚንቶ ፋንታ ኖራ፣ በፋብሪካ ቀለም ፋንታ ኢንዲጎ ተጠቀሙ። ቺየን ንየን የሚሠራ ሰው በማሌዥያ ስለጠፋ ባለሙያዎችን ከቻይና አስመጡ። ሥራው በ2000 ለመጀመሪያ ጊዜ በተሰጠው የዩኔስኮ የእስያና ፓሲፊክ የቅርስ ጥበቃ ሽልማት ከፍተኛውን ደረጃ አገኘ። በዚያው ዓመት በፔናንግ የቆየው የኪራይ ቁጥጥር ሕግ ስለተሻረ፣ ብዙ ነዋሪ የአሮጌውን ከተማ ቤቶች ለቆ ወጣ፤ ባዶ የቀሩትን ቤቶች ምን ማድረግ ይቻላል ለሚለው ጥያቄ ሰማያዊው ቤት አንድ የተሠራ ምሳሌ ሆኖ ቀረበ። ጆርጅ ታውን ከመላካ ከተማ ጋር በ2008 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበች።

በ1992 የወጣው የፈረንሳይ ፊልም «ኢንዶሺን» የተወሰኑ ትዕይንቶቹ በዚህ ቤት ተቀርጸዋል፤ በ2018 የወጣው «ክሬዚ ሪች ኤዥያንስ» የተባለው ፊልም የማህጆንግ ጨዋታ ትዕይንትም እዚሁ ተቀርጿል። ቤቱ ዛሬ ሆቴል ነው። ለማያድሩ እንግዶችም ለጉብኝት ይከፈታል።