ችቦና ሙልሙል፦ የቡሄ ብርሃን እንደ ታሪክ ምንጭ



የሂንዱ እምነት ተከታዮች ዲዋሊን ሲያከብሩ፣ ራማ ከስደት ወደ አዮድያ መመለሱን በማሰብ በየቤታቸው ደጃፍ የዘይት መብራት ያበራሉ። በመካነ ሰላምና በአካባቢው ደጋ ለዚህ የሚቀርበው በዓል ቡሄ ይመስለኛል።

ነሐሴ 13 ቀን ቤተ ክርስቲያን ክርስቶስ በታቦር ተራራ ብርሃነ መለኮቱን መግለጡን ታከብራለች። የቤት ውስጥ ትውፊቱ ግን የሚጀምረው ከእረኞች ነው። ብርሃኑ ሌሊቱን ቀን ስላስመሰለው እረኞቹ በመስክ ቆዩ፤ ወላጆቻቸውም ችቦ አብርተው፣ ሙልሙል ይዘው ፍለጋ ወጡ ይባላል።

እኔ ይህን ትውፊት የምመለከተው ጠብቆ ያቆየውን ኅብረተሰብ ኑሮ እንደሚመሰክር ቃል ነው። ልጅ በከብት ጥበቃ ቤቱን የሚደግፍበትን፣ በክረምት ጨለማ መዘግየቱ ወላጆቹን የሚያስጨንቅበትን ኑሮ ያሳየናል። በሁለቱም በዓላት መብራቱ የሚበራው ወደ ቤት ለሚመለስ ሰው ነው።

ዜና መዋዕሎቻችን በዋነኛነት የነገሥታትን ዘመቻ ይተርካሉ፤ እናት ለእረኛ ልጇ የጋገረችው ሙልሙል ግን የሚገኘው በአረጋውያን ቃል ውስጥ ነው። እረኛው ተማሪ በሆነበት፣ አምፖል ችቦን በተካበት በዚህ ዘመን ያ ቃል ከባለቤቶቹ ጋር ያልፋል። ስለዚህ በክረምት ዕረፍት ወደየቤታችሁ ስትመለሱ ቀኑንና ቦታውን ጠቅሳችሁ መዝግቡት።