ሥዕልም ይነበባል

በቦሌ አራብሳ ከሥራ መልስ ደብተራችሁን ይዛችሁ ማታ ማታ የምትማሩ እናቶችና አባቶች፣ በርቱ!

የዛሬው ንግግራችን ስለ አንድ ሠዓሊ ነው። «እኛ ፊደል ልንማር ነው የተሰበሰብነው፤ ሥዕል ምን ያደርግልናል?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ይህ ነው፦ በአገራችን ብዙ ሰው ለረጅም ዘመን ታሪኩን የተማረው ከመጽሐፍ ሳይሆን በጆሮው ከሰማውና በዓይኑ ካየው ሥዕል ነው።

እስቲ የዓድዋን ጦርነት ሥዕል አስታውሱ። ጦርነቱ የተደረገው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ በላቸው ይመርን የመሳሰሉ ሠዓሊዎች ደጋግመው ሥለውታል። በአንድ ወገን አፄ ምኒልክ፣ እቴጌ ጣይቱና የጦር አለቆቹ ከነሠራዊታቸው ይታያሉ። በሌላው ወገን የኢጣልያ ጦር ተሰልፏል። ከላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ሆኖ ይዋጋል።

አሁን ዓይናቸውን ልብ በሉ። የወገን ፊት አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ ነው፤ ሁለቱም ዓይን ይታያል። የጠላት ፊት ግን ወደ ጎን ዞሯል፤ የሚታየው አንድ ዓይን ብቻ ነው። ይህ ልማድ ከቤተ ክርስቲያን አሣሣል የመጣ ነው። እዚያም ጻድቃን በሁለት ዓይን፣ ሰይጣንና ክፉዎች በአንድ ዓይን ይሣላሉ። ስለዚህ ፊደል ያልቆጠረ ገበሬም ቢሆን ወዳጁን ከጠላቱ ለይቶ ያውቅ ነበር።

ታዲያ ምን ጎደለው? የመኳንንቱ ስም ብዙ ጊዜ ከራሳቸው በላይ ተጽፏል። ገበሬው ስሙን ለማወቅ የሚያነብለት ሰው መፈለግ ነበረበት። ያ ሰው ቢሳሳት ወይም ቢዋሽስ፣ በምን ያውቃል?

አሁን ወደ ሠዓሊያችን እንምጣ። የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ በ1925 ዓ.ም. አንኮበር ተወለዱ። ልጅነታቸው በፋሺስት ወረራ ዘመን አለፈ። ከነጻነት በኋላ የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ወደ እንግሊዝ አገር ተላኩ። ልባቸው ግን ወደ ሥዕል አደላ፤ ለንደን ውስጥ ሥነ ጥበብ ተማሩ። ኋላም በአውሮፓ በባለቀለም መስታወት የመሣልን ሙያ አጠኑ። ለዓድዋ ድል መታሰቢያ በተሠራው በአራዳ ቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራልም ሥዕሎች ሠርተዋል።

ከሁሉ የገነነው ሥራቸው ያለው ከመስቀል አደባባይ ባሻገር፣ በ1953 ዓ.ም. በተመረቀው አፍሪካ አዳራሽ ነው። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተውም በዚሁ አዳራሽ ነው። ሥዕሉ በመስታወት የተሠራ ሲሆን ስፋቱ 150 ካሬ ሜትር ነው። ብርሃን ከውጭ ሲገባ ቀዩ፣ አረንጓዴውና ቢጫው ቦግ ይላል። ሦስት ክፍል አለው፦ ያለፈው የአፍሪካ መከራ፣ ትግሏና የወደፊት ተስፋዋ።

በተስፋው ክፍል ፊት ለፊት የቆመው ማን ይመስላችኋል? ንጉሥ አይደለም፤ የጦር አለቃም አይደለም። ችቦ የያዘ አንድ የኢትዮጵያ ቤተሰብ ነው! በዓድዋ ሥዕል ጎልተው የሚታዩት ነገሥታትና መኳንንት ናቸው። እዚህ ግን አባት፣ እናትና ልጅ ከፊት መጡ። አያችሁ፣ ሠዓሊው ታሪክን ሲሥል ማን ከፊት፣ ማን ከኋላ እንደሚቆም ይመርጣል። የመረጠውም ነገር ተመልካቹ ልብ ውስጥ ይቀራል።

ወደ ዓድዋ የዘመተው ሠራዊት ስንቅ የተሸከመለት፣ ውኃ የቀዳለት፣ እህል የፈጨለት ነበር። እነዚህ ሰዎች፣ ይልቁንም ሴቶቹ፣ በሥዕሉ ላይ እምብዛም አይታዩም። በሥዕል አልታዩም ማለት ግን በታሪክ አልነበሩም ማለት አይደለም። እነርሱን ለማግኘት መጽሐፍ ማገላበጥ፣ ሽማግሌ መጠየቅ፣ የሰሙትንም ጽፎ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ፊደል የምንቆጥረው አንዱ ለዚህ ነው።

አፈወርቅ ተክሌ ሚያዝያ 2 ቀን 2004 ዓ.ም. ዐረፉ፤ የተቀበሩትም በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ነው። አፍሪካ አዳራሽም ታድሶ በ2017 ዓ.ም. እንደገና ተከፍቷል።

እንግዲህ የሳምንቱ የቤት ሥራችሁ ይህ ነው። አንድ የታሪክ ሥዕል ፈልጉ፤ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይም ሆነ በልጆቻችሁ መጽሐፍ ውስጥ ያለ ይሁን። ከዚያም ለሦስት ጥያቄዎች መልስ በገዛ እጃችሁ ጻፉ።

1. ሥዕሉን ማን ሣለው? መቼ?
2. ከፊት የቆመው ማን ነው?
3. መኖር ሲገባው የቀረው ማን ነው?

ሦስተኛውን ጥያቄ ከጎረቤት ጋር ተወያዩበት። ሳምንት እስክንገናኝ ደኅና ሰንብቱ!