የወፍ ዋሻ ጥድና የጉለሌው የዕፀዋት ሥፍራ

በአዲስ አበባ ሰሜን፥ ከእንጦጦ ተራራ በስተምዕራብ፥ የጉለሌ የዕፀዋት ማእከል የሚባል ሥፍራ አለ። ስፋቱ 705 ሔክታር ነው፤ የከተማው አስተዳደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተባብረው አቋቋሙት። በጸደይ ወራት ሄዶ ላየው ሰው እጅግ ደስ ያሰኛል። ጸደይ ማለታችን ግን የከተማ ሰው አደይ አበባን አይቶ የሚጠራውን ወራት አይደለም፤ እርሱስ ከመስከረም 26 ቀን ጀምሮ በባሕረ ሐሳብ መፀው ይባላል። ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ቀን ያለው የዘር ወራት ነው።

ይህ ተራራ አስቀድሞ በባሕር ዛፍ ተሸፍኖ ነበር፤ አሁን ግን በባሕር ዛፉ ፈንታ የአገሩ ዕፀው እየተተኩ ነው። እኛ ባሕር ዛፍን ለመንቀፍ አንቸኵልም፤ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከተማይቱን ከማገዶ ችግር ያዳናት እርሱ ነውና።

ዕፀውን ከሥፍራቸው አውጥቶ በሌላ ሥፍራ ማጽደቅ ለሸዋ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ደብረ ብርሃንን የቈረቈሩት፥ ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፥ በደብረ ሲናና በአንኮበር መካከል ካለው ከወፍ ዋሻ ደን የጥድ ችግኝ አስመጥተው በተራቈተው በመናገሻ ተራራ አስተከሉ እየተባለ ሲነገር ኖሮአል። መንገዱ የብዙ ቀን ነው። ጥድም ወንዱና ሴቲቱ ለየብቻ የሚበቅል ዛፍ ነው፤ ፍሬ የምትሰጠው ሴቲቱ ብቻ ናት፤ ዘሩም ቶሎ አይበቅልም። እንግዲህ ችግኙን መርጦ ያነሣ፥ ሥሩንም ሳይደርቅ ያደረሰ ባለሙያ ነበረ ማለት ነው፤ ስሙን ግን የጻፈልን የለም።

ስም መጻፉንስ ሌሎች ቀደሙን። በ1833 ዓ.ም. ሐሪስ የሚባል የእንግሊዝ መልእክተኛ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲመጣ፥ ሮት የሚባል ጀርመናዊ የተፈጥሮ ተመራማሪ አብሮት ነበር። በ1869 ዓ.ም. ደግሞ ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሳሉ በአንኮበር አጠገብ ያለችውን ሌት ማረፊያን ለኢጣልያ የጂኦግራፊ ማኅበር ሰጡ። የማኅበሩ አለቃ አንቲኖሪ አዕዋፍንና ሌላውንም የአገሩን ፍጥረት ሲሰበስብ ኖሮ በ1874 ዓ.ም. በዚያው ሞተ፤ የተቀበረውም በዚያው ነው። እነዚህ ሰዎች ትጉሃን ነበሩ፤ አንነቅፋቸውም። ነገር ግን የሰበሰቡት ደርቆ ባሕር ተሻገረ፤ የአንኮበር ልጅ የአገሩን ቅጠል በወረቀት ተለጥፎ ሊያይ ቢወድ ኤውሮፓ ድረስ መሄድ ነበረበት።

የጉለሌው ሥራ ከዚህ የሚለየው፥ ዛፉ ሳይደርቅ ከነሕይወቱ በአገሩ መሬት ላይ ቆሞ ስለሚጠና ነው። ለመድኃኒት የሚሆኑትን ዕፀው ግን ከነስማቸውና ከነጥቅማቸው የሚያውቁ ሽማግሎች በአንኮበር ገደል ሥር ናቸው፤ ተማሪዎቹም ገና ወደዚያ መውረድ አለባቸው። ጥዱም ዝግባውም ኮሶውም በወፍ ዋሻ እስከ ዛሬ አለ፤ ዘሩም ከዚያ ይገኛል።