ዘቅዛቃ መሬት፣ ጠፍጣፋ ፕላን

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላሉ አበው። ወደ ሕንፃ ሲመጣ ሥሩም ውኃውም አንድ ጉዳይ ይሆናሉ። ባለፈው ክረምት ሐዋሳ፣ መናኸሪያ ክፍለ ከተማ ውስጥ ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ያስገነባ አንድ ወዳጄ ደውሎ «እስቲ መጥተህ እየው» አለኝ። ዝናብ በጣለ ቁጥር ከመንገዱ የሚወርደው ውኃ በመኪና መግቢያው በኩል ምድር ቤት ካለው መጋዘኑ ይገባል። ሥራ ተቋራጩ «የተሰጠኝን ፕላን ነው የሠራሁት» ይላል። ፕላን ያወጣው ባለሙያ ደግሞ «ውኃ ወዴት እንደሚወርድ ተቋራጩ ማወቅ ነበረበት» ባይ ነው።

እኔ የሕግ ሰው እንጂ መሐንዲስ አይደለሁምና ፕላኑን ያየሁት እንደ ሰነድ ነው። የወለሉ ሥዕል ከዳር እስከ ዳር አንድ ከፍታ ብቻ ተጽፎበታል። አንድም የማዘንበያ ቀስት፣ አንድም የፐርሰንት ቁጥር የለበትም። መሬቱ ግን ከመንገዱ እስከ ጓሮው ከአንድ ሜትር በላይ ይወርዳል። በኮምፒውተር የተሳለው ሕንፃና በመሬት ላይ የቆመው ሕንፃ የተለያዩ ነበሩ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ የማውቃቸውን መሐንዲሶች ስጠይቅ ሰነበትኩ። የተረዳሁትን፣ ነገ ቤት ለሚሠራ አንባቢ ይጠቅም እንደሆነ በሚል እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

ሶሌታው እንዴት ያዘነብላል?

የንድፍ ሶፍትዌሮች ወለልን በባህሪያቸው ጠፍጣፋ አድርገው ነው የሚጀምሩት። ማዘንበል ሠሪው አስቦ የሚጨምረው ነገር ነው። በአገራችን ቢሮዎች በብዛት በሚታወቀው ሬቪት ይህን ለማድረግ ሁለት ዋና መንገዶች አሉ። አንደኛው በወለሉ ንድፍ ላይ የማዘንበያ ቀስት አስቀምጦ የጅራቱንና የጫፉን ከፍታ፣ ወይም የዘቅዛቃውን መጠን መስጠት ነው። ይህ ሙሉውን ሶሌታ በእኩል ውፍረት ያጋድለዋል። ለመኪና መውረጃና ለተሽከርካሪ ወንበር መተላለፊያ የሚስማማው ይኸው ነው። የተሽከርካሪ ወንበር መተላለፊያ በዓለም አቀፍ ልማድ 1 ሜትር ለመውጣት ቢያንስ 12 ሜትር ርዝመት ይፈልጋል።

ሁለተኛው መንገድ የወለሉን ነጥቦች አንድ በአንድ ከፍና ዝቅ ማድረግ ነው። ለመታጠቢያ ቤት፣ ለሰገነትና ውኃ ከአራቱም ማዕዘን ወደ አንድ መውረጃ መሄድ ላለበት ወለል ሁሉ ያገለግላል። እዚህ ላይ ግን አንዲት ትንሽ ምልክት ትልቅ ልዩነት ታመጣለች። ከወለሉ ንብርብሮች አንዱ ውፍረቱ «ተለዋዋጭ» ነው ተብሎ ከተመለከተ የሶሌታው የታችኛው ፊት አግድም እንደሆነ ይቀራል፣ የላይኛው ብቻ ያዘነብላል። ካልተመለከተ ግን የታችኛውም ፊት አብሮ ያዘነብላል። በአርኪካድ ደግሞ የወለል መሣሪያው ጠፍጣፋ ብቻ ስለሚሠራ ባለሙያዎች ዘቅዛቃውን በጣሪያ ወይም በመሬት ገጽ መሣሪያ ይሠሩታል።

ልዩነቱ የሥዕል ማማር ጉዳይ ብቻ አይደለም። 10 ሜትር በ10 ሜትር የሆነ ሰገነት ወደ አንድ ጎን በ1.5 ፐርሰንት ቢያዘነብልና ማዘንበያው በሙሌት ኮንክሪት ቢሠራ፣ ሙሌቱ በአንዱ ዳር 15 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። አማካዩ 7.5 ሴንቲ ሜትር ነው። ይህ 7.5 ሜትር ኩብ ኮንክሪት፣ ማለትም 18 ቶን ያህል ክብደት ነው። አርክቴክቱ የሳለው ዘቅዛቃ ወደ መዋቅር መሐንዲሱ ስሌት ሲሻገር ጠፍጣፋ ሆኖ ከተነበበ፣ ያ 18 ቶን ከስሌቱ ይጠፋል። ከሕንፃው ላይ ግን አይጠፋም።

መሠረቱስ?

የመሠረት ነገር ከዚህ ይለያል። መሬቱ ቢያዘነብልም የፉቲንግ ግርጌ አግድም ሆኖ እንዲያርፍ ይደረጋል፤ ምክንያቱም በተዳፋት ላይ ያረፈ መሠረት ወደ ታች የመንሸራተት ዝንባሌ አለው። ስለዚህ መሠረቱ እንደ ደረጃ እየተቆረጠ ይወርዳል። ሶፍትዌሩ ላይ ይህን ለማሳየት በቅድሚያ ቀያሹ የለካው የመሬት ገጽ መግባት አለበት። ከዚያም እያንዳንዱ ፉቲንግ የራሱ ከፍታ ይሰጠዋል፤ የግንቡ መሠረትም በየደረጃው ተከፋፍሎ ይሳላል። የላይኛው ፉቲንግ ጭነቱን በታችኛው ላይ እንዳይጥል በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት እንደ አፈሩ ዓይነት ይወሰናል። ሁሉም በጠንካራው መሬት ላይ እንጂ በተደለደለ አፈር ላይ ማረፍ የለባቸውም።

እንደ ኢታብስ ባሉ የመዋቅር ስሌት ሶፍትዌሮች ሌላ ወጥመድ አለ። ሶፍትዌሩ ሲከፈት ኮለኖች ሁሉ ከአንድ ግርጌ እንደሚነሡ አድርጎ ይጀምራል። በተዳፋት መሬት ላይ ግን አንዱ ኮለን 3 ሜትር ሲሆን ሌላው 1.5 ሜትር ሊሆን ይችላል። መጠናቸውና አያያዛቸው አንድ ከሆነ አጭሩ ኮለን ለጎን ግፊት ያለው ግትርነት የረጅሙን 8 እጥፍ ነው፤ ግትርነት በርዝመት ኩብ ልክ ይቀንሳልና። መሬት ሲንቀጠቀጥ ከፍተኛውን ኃይል የሚስበው፣ ቀድሞም የሚሰበረው ያ አጭር ኮለን ነው። ከፎቅ ወደ ፎቅ የሚያዘነብል ሶሌታም እንደ ሰያፍ ድጋፍ ሆኖ ኃይል ይስባል። በመሆኑም ለአግድም ወለል የተዘጋጀውን የግትር ወለል ግምት በእርሱ ላይ መጫን ስሕተት ነው።

ይህ ለሐዋሳ ተራ ነገር አይደለም። ከተማዋ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ በጥንት እሳተ ገሞራ ጎድጓዳ ላይ ነው ያረፈችው። ጥር 2008 ዓ.ም. በአቅራቢያዋ የደረሰው መንቀጥቀጥ መጠኑ 4.3 ያህል ብቻ ቢሆንም ነዋሪውን አስደንግጦ ሰዎች ተጎድተዋል። ውኃውም የራሱ ጠባይ አለው። የሐዋሳ ሐይቅ በገጸ ምድር የሚታይ መውጫ የለውም፤ ከከፍታው የሚወርደው ጎርፍ መድረሻው እርሱ ነው። በመንገዱ ላይ ጠፍጣፋ የተሠራ ግቢ ካገኘ እዚያው ይተኛል።

ሕጉ ምን ይላል?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 3039 ሥራ ተቋራጩ ሕንፃውን ካስረከበበት ጊዜ ጀምሮ ለ10 ዓመት ለሥራው ደህንነትና ጥንካሬ ዋስ መሆኑን ይደነግጋል። በአሠራር ጉድለት ብቻ ሳይሆን ሥራው ባረፈበት መሬት ጠባይ ምክንያት ለሚደርስ ጉዳትም ኃላፊ ነው። ይህን ዋስትና የሚያስቀር ወይም ዘመኑን የሚያሳጥር ውል አይጸናም። ስለዚህ «ፕላኑ ነው» የሚለው መልስ ብቻውን ተቋራጩን አያድነውም። ባለቤቱም ቢሆን ነፃ አይደለም። በአንቀጽ 2077 መሠረት ሕንፃው በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት፣ ጉዳቱ አስቀድሞ ያልታሰበ ቢሆንም እንኳ፣ ኃላፊው ባለቤቱ ነው።

ወዳጄን የመከርኩት ከፍርድ ቤት በፊት ሁለቱን ባለሙያዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ እንዲያስቀምጥ ነው። ገና ያልጀመራችሁ ግን የመጨረሻውን የንድፍ ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት አራት ጥያቄ ጠይቁ። የመሬቱ ቅየሳ ሞዴሉ ውስጥ ገብቷል ወይ? ውኃ በሚነካው ወለል ሁሉ ላይ ቀስትና ፐርሰንት ተጽፏል ወይ? የእያንዳንዱ ፉቲንግ ከፍታ ለየብቻው ተመልክቷል ወይ? የአርክቴክቱና የመዋቅር መሐንዲሱ ሞዴሎች ጎን ለጎን ተነጻጽረዋል ወይ?

አራቱን ለመመለስ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል። ወዳጄ አሁን ግንባታው ካለቀ በኋላ የመኪና መግቢያውን አርማታ እያስፈረሰ ነው።